አቤቱታው የማን ነው? ከባሕር ዳር የተገኘ አንድ የጠበቃ ዲሲፕሊን ጉዳይ

ጉዳዩ በአጭሩ ሲነገር ቀላል ነው። አንዲት የዘጌ ሴት በፍርድ የተወሰነላቸውን 184,000 ብር ጠበቃቸው ተቀብሎ ለስምንት ወር ያህል ሳይነግራቸው ያዘው። አቤቱታ ቀረበ፣ የዲሲፕሊን ጉባኤ ተቀመጠ፣ ምስክር ተሰማ፣ ጠበቃው ለአንድ ዓመት ከሥራው ታገደ። እንዲህ ተብሎ ሲነገር ፍትሕ የተሰጠ ይመስላል፤ ተሰጥቷልም። ስለ ቅጣቱ ማነስና መብዛት ክርክር የለኝም። የሚያሳስበኝ ከቅጣቱ በፊትና በኋላ ያለው ነው፤ ጉባኤው በሩን ያንኳኩትን ሰዎች እንዴት እንዳስተናገደ፣ ማንን እንዳገዘ፣ ማንንስ ሳያየው እንዳለፈ።

እኔ በከተማው ጥብቅና የምሠራ ሰው ነኝ። ወደ ጉዳዩ የገባሁት በነጻ የሕግ ድጋፍ ላይ የሚሠራ ወዳጄ «እኚህን እናት አግዛቸው» ብሎ ስለላከብኝ ነው። የፌዴራሉ የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ይል ነበርና፣ እኔም ከዚያ ዘመን ጀምሮ ልማድ አድርጌዋለሁ። የሰዎቹን ማንነት የሚያሳብቅ ነገር ሁሉ ትቻለሁ። ባለጉዳይዋን እትዬ፣ ጠበቃውን ተጠሪው እላቸዋለሁ። ጉባኤው ፈቃድ ከሚሰጠው አካል ሥር የሚሠራ መሆኑን ማወቅ ለአንባቢ ይበቃል።

የቡናው ገንዘብ

እትዬ ኑሯቸው ዘጌ ነው። ዘጌን የሚያውቅ እንደሚያውቀው፣ በዚያ ባሕረ ገብ ምድር በቆየው የገዳማቱ ሥርዓት መሬት በበሬ አይታረስም፤ ሰው የሚኖረው በዛፍ ጥላ ሥር በሚበቅል ቡና፣ በጌሾና በመሳሰለው ነው። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ የደረቀ ቡና ለአንድ የባሕር ዳር ነጋዴ በዱቤ ሰጡ። ነጋዴው ወረቀት ፈረመ፣ ጥቂት ከፈለ፣ ቀሪውን ዛሬ ነገ ሲል ባልየው አረፉ። እትዬ የወራሽነት ማስረጃ አወጡ፣ ጠበቃ ያዙ፣ ውክልና ሰጡ። በውክልናው ላይ «በስሜ ገንዘብ እንዲቀበል» የሚል ሐረግ ነበረበት። ይህ ሐረግ በየውክልናው ላይ እንደ ሰላምታ የሚጻፍ ነው፤ ምን ማለት እንደሆነ ለፈራሚው የሚያነብለት ግን ጥቂት ነው።

ክርክሩን አሸነፉ። ተጠሪው በፍርድ ቤት ሥራው አይታማም፤ መዝገቡን አይቼዋለሁ፣ አቤቱታው ጥርት ያለ፣ ማስረጃው የተደራጀ ነበር። በአፈጻጸም ጊዜ ነጋዴው ኪሱ ባዶ ሆኖ ሲገኝ፣ በአዊ ዞን የባንጃ ገበሬ የሆኑት አባቱ ለከሰል ያሳደጉትን ዲከረንስ የተባለ ዛፍ ሸጠው የልጃቸውን ዕዳ ከፈሉ። ገንዘቡን የተቀበለው ጠበቃው ነው። በማግስቱ ለአፈጻጸም ችሎቱ «የፍርዱን ገንዘብ ስለተቀበልን መዝገቡ ይዘጋልን» ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ፣ ማኅተሙን አሳረፈ።

እትዬ ይህን አላወቁም። በጠየቁ ቁጥር «አፈጻጸሙ ገና ነው፣ ፍርድ ቤቱ ሥራ በዝቶበታል» ይባላሉ። ነገሩ የወጣው በገበያ ነው። ነጋዴው አግኝቷቸው፣ እሳቸው ፊታቸውን ሲያዞሩበት፣ «እትዬ፣ አባቴ ከከፈለልዎ ወዲህ እንኳ ሰላም አይሉኝም?» አላቸው።

መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ

የመጀመሪያው አቤቱታ የተጻፈው በፍርድ ቤት አጥር ሥር በሚቀመጥ ራፖር ጸሐፊ ነው። ሦስት ገጽ ነው። ጠበቃው ሌባ ነው፣ ይታሰርልኝ፣ ገንዘቤ ከነወለዱ ይመለስልኝ፣ የባሌ ነፍስ ትፋረደው ይላል። ገንዘቡ መቼ እንደተከፈለ፣ መቼ እንደተጠየቀ፣ ምን መልስ እንደተሰጠ የሚናገር አንድ መስመር የለበትም። ራፖር ጸሐፊውን አልወቅስም፤ የሚከፈለው በገጽ ነው፣ ደንበኛውም እንባው ወረቀት ላይ ሲወርድ ማየት ይፈልጋል።

እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ ቢሮ የሄደ ሰው ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። «ይኼ አልተሟላም፣ አስተካክለው ይምጡ።» ምኑ እንዳልተሟላ የሚነግር የለም። ሰውየው ይመለሳል፣ ሌላ ራፖር ጸሐፊ ጋ ይሄዳል፣ ሌላ ሦስት ገጽ ይጻፋል። እዚህ ግን የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ ወንበር ሳበችላቸውና፣ «እትዬ፣ እስቲ ይቀመጡ፤ ገንዘቡ መከፈሉን መቼ ሰሙ? ከሰሙ በኋላ ጠበቃውን አግኝተውት ነበር? ምን አለዎት?» ስትል ጠየቀች። መልሳቸውን በግማሽ ገጽ ጻፈች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችላቸው፣ በጣት አሻራ አስፈረመች፣ ከሦስቱ ገጾች ጋር አያያዘችው። በኋላ ጉባኤው ምርመራውን የጀመረው ከዚህ ግማሽ ገጽ ተነሥቶ ነው።

ከዚያ በላይ የጠቀመው ግን ቀጥሎ የነገረቻቸው ነው። ጉባኤው ጠበቃውን ሊገሥጽ፣ ሊቀጣ፣ ፈቃዱን ሊያሳግድ ይችል ይሆናል፤ ገንዘቡን ከእጁ ወስዶ ለእሳቸው መስጠት ግን ሥልጣኑ አይደለም። ገንዘቡ የሚጠየቀው በፍትሐ ብሔር ክስ ነው። ድርጊቱ ወንጀል ነው ብለው ካመኑም የሚሄዱት ወደ ፖሊስ ነው። እትዬ ቅር አላቸው። «ታዲያ እኔ ምን ልሠራ መጣሁ?» አሏት። ልጅቷም «እርስዎ ሌላ ሰው እንዳይደርስበት ነው የመጡት፤ ለራስዎ ደግሞ ፍርድ ቤት ይሂዱ፣ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ» አለቻቸው።

ይህን ቀላል ነገር አድርጎ ማለፍ አይገባም። ከጠበቃው ጋር የተጣላ ሰው የዲሲፕሊን አቤቱታ ያስገባና ገንዘቡ በዚያው ይመጣልኛል ብሎ ይጠብቃል። ዓመት ያልፋል፣ ሁለት ዓመት ያልፋል፤ ጠበቃው ሲገሠጽ ሰውየው ባዶ እጁን ይቀራል፣ ማስረጃውም እየጠፋ፣ ባለዕዳውም ንብረቱን እያሸሸ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተወካይ ለወካዩ ሂሳብ እንዲያሳይና የተቀበለውን እንዲያስረክብ ያስገድዳል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 675 እምነት ማጉደልን ይቀጣል። ሦስቱ መንገዶች የየራሳቸው በር አላቸው። በሩን በመጀመሪያው ቀን የሚያሳይ ሰው መኖሩ፣ እንደ እኔ ግምት፣ ከጉባኤው ከራሱ ውሳኔ የበለጠ ለእትዬ ጠቅሟል።

አንድ ሌላ ወጥመድም ነበር። ጠበቃ የክልል ፈቃድ ወይም የፌዴራል ፈቃድ ሊኖረው ይችላል፤ የፌዴራሉ አሁን የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ሲሆን፣ የክልሉ በክልሉ ሕግ ነው። የክልል ፍርድ ቤቶች በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የፌዴራል ጉዳይም ስለሚያዩ፣ ባለጉዳዩ ጠበቃውን ባሕር ዳር ችሎት ላይ ስላየው ብቻ የትኛው አካል እንደሚያስተዳድረው አያውቅም። ልጅቷ የፈቃዱን ቁጥር ከመዝገቧ አመሳክራ አቤቱታው ትክክለኛ ቦታ መምጣቱን አረጋገጠች። ይህን ራሷ ባታደርገው ኖሮ፣ ከወራት በኋላ «ሥልጣን የለንም» የሚል ደብዳቤ ይጠብቃቸው ነበር።

ምልዓተ ጉባኤና ጀልባ

ተጠሪው መልስ እንዲሰጥ ጊዜ ተሰጠው፣ መልሱን በጽሑፍ አቀረበ፣ ቀጠሮ ተያዘ። ከዚያ በኋላ ያለው የሚያሳፍር ነው። እትዬ በጠዋት ተነሥተው፣ ጀልባ ተሳፍረው፣ ከወደቡ በባጃጅ መጥተው ሲደርሱ «ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም» ይባላሉ። አባላቱ ሌላ መደበኛ ሥራ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ስብሰባ አለበት፣ ሌላው መስክ ወጥቷል። እንደገና ተቀጠረ፣ እንደገና ያው ሆነ። ሦስተኛው ቀጠሮ ከቀኑ 8 ሰዓት ሆነ፤ ለቢሮ ሰው የተመቸ ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ ጣና ነፋስ ይነሣበታል፣ ጀልባዎቹም ቀድመው ይመለሳሉ። እትዬ ያን ቀን ቃላቸው ቢሰማ ኖሮ ማደሪያ ፈልገው ከተማ ሊያድሩ ነበር።

ይህን ለሰብሳቢው በማመልከቻ ጻፍኩ። መልሱ በቃል መጣ፤ ቀጠሮው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይሆናል፣ ምልዓተ ጉባኤ እንደማይሟላ ከታወቀም ከዋዜማው በስልክ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ እትዬ በከንቱ አልተመላለሱም። ተቋማችን ስለ አገልግሎት አሰጣጥ ሲነገረው ወዲያው ሥልጠናና የግድግዳ መፈክር ያስባል። እዚህ ያስፈለገው አንድ የስልክ ጥሪና የጀልባ ሰዓት ማወቅ ነበር።

አግዳሚ ወንበሩ

በዚያ ቢሮ ኮሪደር ላይ አንዲት አግዳሚ ወንበር አለች። ባለጉዳይ፣ ምስክር፣ የተከሰሰ ጠበቃ፣ ፈቃድ ሊያሳድስ የመጣ ሁሉ እሷ ላይ ነው የሚቀመጠው። በመስሚያው ቀን እኔ ዘግይቼ ስደርስ ተጠሪው እትዬ አጠገብ ተቀምጧል። ዝቅ ባለ ድምፅ ያነጋግራቸዋል፣ እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። ምን እንዳላቸው በኋላ ነገሩኝ። መቶ ሺህ ብር ነገ እንደሚሰጣቸው፣ የቀረውን ከአዲስ ዓመት በኋላ እንደሚከፍል፣ እሳቸው ግን ዛሬ ገብተው «ታርቀናል» እንዲሉ። ከዚያ በፊትም ሽማግሌ ልኮባቸው ነበር፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ የንስሐ አባታቸው ናቸው።

በአገራችን ሽምግልና ክቡር ነው፣ እኔም እርቅን አልነቅፍም። በገንዘቡ ጉዳይ ቢታረቁ እሰየው፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉም እርቅን ያበረታታል። የሚያስቸግረው ሽማግሌው የተላከው ለገንዘቡ ሳይሆን ለፋይሉ ሲሆን ነው። ጠበቃው የሚገዛው የአቤቱታውን መዘጋት ነው፤ የሚከፍለውም በራሷ በባለጉዳይዋ ገንዘብ ነው። አቤቱታ አቅራቢ «ትቻለሁ» ሲል ፋይል የሚዘጋ ጉባኤ ካለ፣ ገንዘብ የያዘ ጠበቃ ሁሉ አንድ ነገር ይማራል፦ ካልተከሰስክ ትይዛለህ፣ ከተከሰስክ ትመልሳለህ፣ ፈቃድህ እንደሆነ አይነካም።

ውስጥ ስንገባ እትዬ የተባሉትን አሉ። «ታርቀናል፣ ትቼለታለሁ።» ድምፃቸው አይሰማም ነበር። ከአባላቱ አንዱ እስክሪብቶውን ከደነ፤ ፋይሉ አለቀ ማለቱ ነው። ሰብሳቢው ግን አልቸኮለም። ተጠሪው ለጥቂት ጊዜ ውጭ እንዲቆይ ጠየቀ፣ እኔንም አስወጣኝ፣ ከመዝገብ ቤቷ ልጅና ከአባላቱ ጋር ብቻ እትዬን አነጋገራቸው። ተመልሰን ስንገባ የተናገረው በቃለ ጉባኤው ሰፍሯል። ሐሳቡ ይህ ነው፦ እትዬ በገንዘባቸው ላይ መታረቅ መብታቸው ነው፤ አቤቱታው ግን ከቀረበ በኋላ የእሳቸው ብቻ አይደለም፤ ጉባኤው የሚጠይቀው ይህ ሰው የሌላ ሰው ገንዘብ በእጁ እንዲገባ ሊታመን ይችላል ወይ የሚለውን ነው፤ ስለዚህ መስማቱ ይቀጥላል፣ እትዬም ከዚህ በኋላ ምስክር እንጂ ከሳሽ አይደሉም።

ያን ጊዜ የእትዬ ትከሻ ሲላላ አየሁ። ሽማግሌዎቹ ሲጠይቋቸው «እኔማ ትቼለት ነበር፣ እነሱ እምቢ አሉ» ለማለት የሚያስችል መውጫ ተሰጣቸው። በዘጌ ከንስሐ አባታቸውና ከጎረቤታቸው ጋር ተዋደው መኖር አለባቸው። ይህን ሸክም ከላያቸው ማንሣት የሚችለው ጉባኤው ብቻ ነበር፣ አነሣውም። አግዳሚ ወንበሯ ግን እስካሁን አንዲት ናት። ምስክርና ተከሳሽ የሚለያዩበት ክፍል ባይኖር እንኳ ከሥር ያለው የፎቶ ኮፒ ክፍል ሁለት ወንበር ያስቀምጣል፤ ይህን ተናግሬ የሰማኝ የለም።

ተጠሪውም ሰው ነው

የጠበቃ ዲሲፕሊን ጉዳይ ሲነሣ ሁሉም የባለጉዳዩን መብት ያነሣል። በዚህ ጉዳይ ለሥርዓቱ የተከራከረው ግን ራሱ ተጠሪው ነበር፣ ሁለት ጊዜም ልክ ነበር።

የመጀመሪያው ስለ አስተርጓሚው ነው። ገንዘቡን የከፈሉት የባንጃው አባት በአዊኛ ነው የሚናገሩት፣ አማርኛቸው ለገበያ የሚበቃ ነው። ጉባኤው አስተርጓሚ አላዘጋጀምና አዊኛ የሚችል የጥበቃ ሠራተኛ ተጠራ። ተጠሪው ተነሥቶ ተቃወመ፤ የጥበቃ ሠራተኛው የምስክሩ አገር ልጅ ነው፣ ሲገቡ እጅ ነሥቶ ጉልበታቸውን ስሟል፣ ደግሞም አልማለም። ያልተገባ ተቃውሞ የመሰላቸው ነበሩ። እኔ ግን ተቃውሞውን ደገፍኩ። ፈቃዱን ሊያጣ ያለ ሰው ምስክሩ ያለውን በትክክል የመስማት መብት አለው፤ በዚህ ላይ ውሳኔው በይግባኝ እንዳይፈርስ የሚፈልግ ሁሉ አስተርጓሚው ንጹሕ እንዲሆን መፈለግ አለበት። ለከሰዓት ሌላ ሰው ተገኘ፣ ማለ፣ ምስክሩ እንደ አዲስ ተሰሙ። አባትየው ዲከረንሳቸውን ለማን እንደሸጡ፣ ገንዘቡን በምን ጠቅልለው እንደመጡ፣ በጠበቃው ቢሮ ማን ቡና እንዳቀረበላቸው ሳይቀር ተናገሩ። ጠበቃው መስቀለኛ ጥያቄ አልጠየቃቸውም።

ሁለተኛው ስለ አባልነት ነው። ከጉባኤው አባላት አንዱ ከተጠሪው ጋር ቀድሞ በአንድ ቢሮ ይሠሩ ነበር፣ የተለያዩትም በፀብ ነው። ባሕር ዳር ትልቅ ከተማ ብትሆንም የጠበቃው ዓለም ጠባብ ነው፤ የማይተዋወቅ የለም። ተጠሪው ይህን ሲያነሣ አባሉ ቅር ብሎት ነበር፣ በኋላ ግን ራሱን አገለለ። ይህ ባይሆን ኖሮ ውሳኔው የቂም ውሳኔ ይባል ነበር።

የተጠሪው መከራከሪያ ራሱ ብዙ አልነበረም። ለአፈጻጸሙ ሥራ ተጨማሪ አበል፣ ማለትም የጥብቅና ክፍያ፣ በቃል ተስማምተን ነበር፣ ገንዘቡን ለዚያ ማስያዣ ይዤዋለሁ አለ። የአበል ውሉ አንድ ቅጂ ብቻ ነው ያለው፣ እሱም በእሱ እጅ ነው፤ እትዬ ቅጂ ተሰጥቷቸው አያውቅም። ወደ መጨረሻው ግን እውነቱን ተናገረ። የደንበኛም የራሱም ገንዘብ የሚገባው በአንድ የባንክ ሂሳብ ነው። የቢሮ ኪራይ ከዚያ ይወጣል፣ የጸሐፊዋ ደመወዝ ከዚያ ይወጣል፤ የእትዬ ገንዘብ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያለ አለቀ። ሌላ ጉዳይ ሲያልቅ እተካዋለሁ ብሎ አስቦ ነበር። አመንኩት። ከእኛ መካከል ለደንበኛ ገንዘብ የተለየ ሂሳብ የከፈተ ስንት ሰው እንዳለ ብንቆጠር ብዙዎቻችን አንገታችንን እንደፋ ነበር። ይህ ማመካኛ አይሆንም፤ ነገሩ ግን በአንድ ሰው ክፋት ብቻ የሚገለጽ አይደለም።

ውሳኔውና ያልደረሰው ግልባጭ

ጉባኤው ሁለት ነገር አገኘ። ጠበቃው ገንዘቡን መቀበሉን ለደንበኛው አላሳወቀም፣ ሲጠየቅም እውነት ያልሆነ መልስ ሰጠ፤ ለዚህ ዋናው ማስረጃ «ተቀብለናል» ብሎ ራሱ የጻፈው የመዝገብ መዝጊያ ማመልከቻ ነው። ሁለተኛ፣ የደንበኛን ገንዘብ ከራሱ ጋር ቀላቅሎ ተጠቀመበት። የአበሉን ክርክር «ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ነው» ብሎ አለፈው፤ ትክክል ነው። ለአንድ ዓመት ታገደ።

ውሳኔው ለተጠሪው በደብዳቤ ደረሰው፣ ለፍርድ ቤቶች ግልባጭ ሄደ። ለእትዬ ምንም አልሄደም። እትዬ ማን እንደሆኑ፣ ምን እንደከፈሉ፣ ስንት ጊዜ ጀልባ እንደተሳፈሩ እያወቁ፣ ጉባኤው ምን እንደወሰነ የነገራቸው የለም። ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «ከዚህ በኋላ ምስክር ናቸው ተብሏል፣ ለምስክር ግልባጭ አይሰጥም» የሚል ነው። ያው ቀድሞ ያዳናቸው አነጋገር አሁን በር ዘጋባቸው። ጻፍኩ፣ ደጋግሜ ጻፍኩ፣ በመጨረሻ የውሳኔው ጭብጥ ያለበት አንድ ገጽ ተሰጣቸው። ያ አንድ ገጽ በፍትሐ ብሔር ክሱ ላይ ተያይዞ ቀረበ። ብዙም ሳይቆይ ተጠሪው በችሎት ተስማማ፤ በየሦስት ወሩ እየከፈለ እንዲጨርስ እርቁ በመዝገብ ተጻፈ፣ እስካሁንም አልዘለለም።

ውሳኔውን ሕዝብ እንዲያየው የሚያደርግ ነገር ደግሞ ጭራሽ የለም። በእንግሊዝ አገር በ1974 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ የተቋቋመው የሶሊሲተሮች ዲሲፕሊን ጉባኤ በመደበኛው ጉዳዮችን በግልጽ ይሰማል፣ ውሳኔዎቹንም ያትማል፤ ማንም ሰው ጠበቃ ከመያዙ በፊት ስሙን አስገብቶ ማየት ይችላል። እኛ ዘንድ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ይሁን አልልም። በሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ፣ የደንበኛው ስም የተሸፈነበት ግማሽ ገጽ ግን ከአቅማችን በላይ አይደለም። ወጣት ጠበቆችም ከምንም ስልጠና በላይ ከዚያ ይማሩ ነበር፤ ምን ቢያደርጉ ምን እንደሚጠብቃቸው አሁን የሚሰሙት በሐሜት ነው።

የታገደው ጠበቃ ሌሎች ደንበኞች

ከሁሉም በላይ የቆረቆረኝ ወደ መጨረሻ ነው። ተጠሪው ሲታገድ በእጁ ብዙ የተከፈቱ መዝገቦች ነበሩት። የእነዚያ ባለጉዳዮች ጥፋታቸው ምንድን ነው? የእገዳው ደብዳቤ ለፍርድ ቤት ደረሰ፤ ለእነሱ ማን ይድረሳቸው? ተጠሪው እንዲነግራቸው ይጠበቃል ይባላል። ፊቱን ለማሳየት ያፈረ፣ ቢሮውን የዘጋ፣ ስልኩን የለወጠ ሰው ነው እንግዲህ የሚነግራቸው።

ከእነሱ አንዱ የመሸንቲ ሰው ነው። በመሬት ክርክር ተረትቶ ይግባኝ ሊጠይቅ፣ ለጠበቃው ከፍሎ፣ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 323 ይግባኝ የሚቀርበው በ60 ቀን ውስጥ ነው። ጊዜው ካለፈ በበቂ ምክንያት ማስፈቀድ ይቻላል፤ ግን ያው ሕግ በአንቀጽ 326 ላይ መዘግየቱ በወኪሉ፣ በጠበቃው ወይም በጠበቃው ጸሐፊ ጥፋት የመጣ እንደሆነ ፈቃድ አይሰጥም ይላል። ሕጉ ደንበኛውን የጠበቃውን ጥፋት ያሸክመዋል። የእገዳ ትእዛዝ የጠበቃው ጥፋት ነው ወይስ የመንግሥት ውሳኔ? ጥሩ የክርክር ጥያቄ ነው፤ መሬቱ ሊሄድ ባለ ገበሬ ላይ ግን ባይሞከር ይሻላል።

ለጉባኤው አንድ ሐሳብ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ። ጠበቃ ሲታገድ ፈቃዱን በሚያስረክብበት ቀን የተከፈቱ መዝገቦቹን ዝርዝር፣ የደንበኞቹን ስልክና ቀጣዩን ቀጠሮ አብሮ ያስረክብ፤ መዝገብ ቤቱም በየስልኩ ይደውል። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ሐሳቡን ወዳዋለች፣ ሰብሳቢውም «ይታያል» ብሏል። እስካሁን እየታየ ነው።

የመሸንቲው ሰው ይግባኝ በጊዜው ገብቷል። ልጁ ቢሮው ተዘግቶ ሲያገኘው አጠገቡ ያለውን ባለሱቅ ጠየቀ፤ ባለሱቁ «ታግዷል ይባላል፣ ሌላ ጠበቃ ፈልጉ» አለው።